ክሮቼራን በግቢ መጠገን፤ ልኬት እንጂ ክልከላ የማያሻው ሙያ

በሐረር ከተማ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ በተዘረጉት ሰፈሮች፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ያለው ሰው መኪናውን ከግቢው አቁሞ፣ የሚያውቀውን ባለሙያ ጠርቶ፣ በአንድ ሞርሳና በጥቂት ቁልፎች ማስጠገኑ የተለመደ ነው። በዚህ መንገድ ከሚጠገኑት የመኪና ክፍሎች መካከል ባለሙያዎች ክሮቼራ የሚሉት፣ የኃይል ማስተላለፊያውን ዘንግ በሁለቱም ጫፍ የሚያያይዘው የመስቀል መጋጠሚያ ይገኝበታል። ዕቃው በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ ብረት ነው፤ ሲበላሽ ግን ከሞተሩ እስከ ጎማው ያለውን ሥርዓት ሁሉ ያናውጣል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሣው ክርክር አንድ ነው፤ ይህን መጋጠሚያ በግቢ ውስጥ መጠገን በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋት የሚሆነው ጥገናው ያለ ልኬት ሲካሄድ ነው። ስለዚህ ከተመራማሪዎችና ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚጠበቀው የግቢ ጥገና ልክና ወሰን ያለው ሙያ እንዲሆን ማገዝ ነው።

ጥያቄው ለምን ዛሬ ይነሣል?

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከድሬዳዋ የሚመጣው መንገድ በደንገጎ ዳገት እየተጠማዘዘ ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣል፤ በምሥራቅ በኩል የሚሄደው ደግሞ በኤረር ሸለቆና በባቢሌ አልፎ ወደ ጅግጅጋ ያመራል። ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም፣ ከእርሱ ወጣ ብሎ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ ሰው የሚጠብቀው ኮረት፣ ድንጋይና አሸዋማ የወንዝ መሻገሪያ ነው። በመሆኑም በአካባቢው በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና እንደ ቅንጦት የሚቆጠር አይደለም፤ ክትባት የሚያደርሰው፣ የግብርና ባለሙያ የሚያመላልሰው፣ ነጋዴውን ከገበያ የሚያገናኘው እርሱ ነው።

ከተማዋ የአሮጌ መኪናን ዕድሜ በጥገና ማራዘምን የለመደች መሆኗም ይታወቃል። ለዚህ ምስክሩ ፔጆ 404 ነው። ይህ የቤት መኪና በፈረንሣይ ማምረቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ከቆመ በኋላም ለአሥርት ዓመታት የሐረር ታክሲ ሆኖ አገልግሏል፤ ባጃጅ ቦታውን እየወሰደበት ቢመጣም የከተማዋ መለያ ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን ከፔጆ የተወረሰው ልምድ ብቻውን ለላንድክሩዘር አይበቃም። የፔጆ 404 ዘንግ በወፍራም ቱቦ ውስጥ የተሸፈነ ሲሆን፣ መጋጠሚያውም ከካምቢዮው ኋላ ያለው አንድ ብቻ ነው። በአንጻሩ የፊቱም የኋላውም አክስል ወጥ የሆነ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ግልጥ ዘንጎች፣ በእነርሱም ላይ አራት ክሮቼራዎች አሉት፤ በፊት ጎማዎቹ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሁለት መጋጠሚያዎች ይጨመራሉ። ስድስቱም በየፊናቸው ይበላሉ፤ አራቱ ደግሞ ለአቧራና ለውኃ የተጋለጡ ናቸው።

የቅርብ ዓመታት ሁለት ውሳኔዎች የጥገናን ክብደት ጨምረውታል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ አድርጓል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ የብር ዋጋ ከዶላር አንጻር በእጅጉ ቀንሷል፤ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ዋጋም ከምንዛሪው ጋር ይንቀሳቀሳል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ዛሬ በመንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪናዎች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ ይሠራሉ፤ ሙሉ ዘንግ ከመግዛት ይልቅ የተበላውን መጋጠሚያ ብቻ መቀየርም የብዙዎች ምርጫ ይሆናል። ጥገናው መቀጠሉ ካልቀረ፣ የሚያከራክረው በምን ዓይነት ጥንቃቄ ይቀጥላል የሚለው ነው።

መጋጠሚያው ምን ይሠራል?

ካምቢዮ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረ ነው፤ ዲፈረንሻል ግን ከጎማው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ዘንግ በየጊዜው አቅጣጫውን እየለወጠ መሽከርከር አለበት። ይህን የሚያስችለው ክሮቼራ አራት ክንድ ያለው የብረት መስቀል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክንድ መርፌ በሚመስሉ ቀጫጭን ሮለሮች በተሞላ ክዳን ውስጥ ይቀመጣል። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረው ጣሊያናዊው ጄሮላሞ ካርዳኖ ስም ጋር ይያያዛል፤ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ደግሞ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሠራሩን በጥልቀት መርምሮታል።

ይህ መጋጠሚያ አንድ የተፈጥሮ ጉድለት አለው። ዘንጉ በማዕዘን ሲሠራ፣ አንደኛው ወገን በእኩል ፍጥነት ቢዞርም ሌላው ወገን በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። የመዋዠቁ መጠን በማዕዘኑ ይወሰናል፤ በ10 ዲግሪ 1.5 በመቶ ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በ20 ዲግሪ ወደ 6 በመቶ ያድጋል፤ በ30 ዲግሪ ከ13 በመቶ ያልፋል። ማዕዘኑ እጥፍ ሲሆን መዋዠቁ ወደ አራት እጥፍ ማደጉን ልብ ይሏል። ጭነት ለመቻል ተብሎ ባልስትራ የተጨመረበት መኪና ከፍታው ስለሚጨምር የዘንጉም ማዕዘን ይጨምራል፤ ባለቤቱ ለጭነት ያደረገው ማሻሻያ በክሮቼራው ላይ የሚከፈል ዋጋ አለው ማለት ነው።

መፍትሔው በዘንጉ ሁለት ጫፍ ሁለት መጋጠሚያ ማድረግና አንዱ የፈጠረውን መዋዠቅ ሌላው እንዲያጠፋው ማድረግ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ ነው፤ የሁለቱ ጫፎች ማዕዘን እኩል መሆን አለበት፤ በዘንጉ ሁለት ጫፍ ያሉት ሹካዎችም በአንድ አቅጣጫ መደርደር አለባቸው። ዘንጉ በመሐሉ የሚሳብና የሚሰበሰብ ጥርስ ያለው ክፍል ስላለው፣ ተፈትቶ ሲገጠም አንድ ጥርስ እንኳ ቢዛነፍ ሹካዎቹ ከመስመር ይወጣሉ።

ውጤቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ዙሪያው 2.4 ሜትር የሆነ ጎማ ያለው፣ የዲፈረንሻል ንጽጽሩም 4.1 የሆነ መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ ዘንጉ በሰከንድ 38 ጊዜ ያህል ይዞራል። መዋዠቁ በዙር ሁለት ጊዜ ስለሚከሰት፣ በትክክል ያልተገጠመ ዘንግ መኪናውን በሰከንድ 76 ጊዜ ይመታዋል ማለት ነው። ሹፌሩ በወንበሩ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ይህ ነው። ዕቃው አዲስ ሆኖ መንቀጥቀጡ ሲቀጥል ብዙዎች መለዋወጫውን ይወቅሳሉ፤ ብዙውን ጊዜ መመርመር የሚገባው ግን አገጣጠሙ ነው።

በግቢ የሚሆነውና የማይሆነው

የክሮቼራ መበላት ምልክቶች በመሣሪያ የሚለዩ አይደሉም። መኪናው ሲነሣ ወይም ነዳጅ ተለቆ እንደገና ሲሰጥ የሚሰማ የብረት ምት፣ በዝግታ ሲሄዱ የሚሰማ ሲርሲርታ፣ ከፍጥነት ጋር የሚጨምር መንቀጥቀጥ፣ በክዳኖቹ ዙሪያ የሚታይ ቀይ የዝገት ዱቄት ዋናዎቹ ናቸው። በዚህ ደረጃ የሐረር ባለሙያ ጆሮ ከማንኛውም መመሪያ አያንስም። «ክሮቼራው ተበልቷል» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ መኪናው ሳይፈታ ይነገራል፤ ከተፈታም በኋላ መስቀሉ ክንድ ላይ የሮለሮቹ ጭረት ታትሞ ይገኛል።

ጥገናው ራሱ በአንድ ሞርሳ የሚሠራ ነው። የቅደም ተከተሉ ምክንያት ግን መታወቅ አለበት። በመጀመሪያ ጎማዎቹ በታኮ ይያዛሉ። የኋላው ዘንግ ከወረደ በኋላ ማርሽ ውስጥ ማስገባት መኪናውን አያቆመውም፤ እንደ ላንድሮቨር ዲፌንደር ባሉት ደግሞ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ዘንጉን ስለሆነ፣ ዘንጉ ሲወርድ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል። ኮረብታማ በሆነች ከተማ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ቀጥሎ በዘንጉ፣ በፍላንጁና በሚሳበው ክፍል ላይ በቀለም ምልክት ይደረጋል፤ ሹካዎቹ ወደነበሩበት መስመር የሚመለሱት በዚህ ምልክት ነው። ከዚያ ቡሎኖቹ ተፈትተው ዘንጉ ይወርዳል፤ ክዳኖቹን የሚይዙት ቀለበቶች ይወጣሉ፤ በአንድ ወገን ትንሽ፣ በሌላው ወገን ትልቅ ቡሶላ ተደርጎ ክዳኖቹ በሞርሳ ግፊት ይወጣሉ። አዲሱም በዚያው መንገድ በእርጋታ ተገፍቶ ይገባል።

አደጋው ያለው በእርጋታ ፈንታ መዶሻ ሲገባ ነው። ሹካው በኃይል ሲመታ ጆሮዎቹ ይጣመማሉ፤ አዲሱ ክሮቼራም ከመነሻው ተጨንቆ ይሠራል። ከመርፌ ሮለሮቹ አንዱ ወድቆ በክዳኑ ወለል ላይ ቢጋደም ክዳኑ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ ይህን ሳያዩ መምታት ክዳኑን ይሰነጥቃል፣ ወይም የመያዣው ቀለበት ከቦይው ሳይቀመጥ ይቀራል። ቀለበቱ ካልተቀመጠ ክዳኑ በመንገድ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ የዘንጉ ፊተኛ ጫፍ ተላቆ መሬት ከወጋ ደግሞ መኪናውን እስከ መገልበጥ ሊያደርስ ይችላል። የሥራው ጥራት መፈተኛ ቀላል ነው፤ የተገጠመው መስቀል በሁለቱም አቅጣጫ በእጅ ሲንቀሳቀስ ሳይያዝ፣ ሳይንቋቋም፣ ሳይላላም መዞር አለበት። በመጨረሻም አሮጌው እስኪወጣ ድረስ አዲስ ግራሶ ይገፋበታል። ግራሶ መቀቢያ ጫፍ ያለው ክሮቼራ በየጊዜው ከተቀባና ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ካልተዘነጋ ዕድሜው ይረዝማል፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለው ምክር በቀጥታ የሚሠራበት ቦታ ነው።

እስከዚህ ያለው በግቢ ሊሠራ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ወሰኑ ግን ከዚህ ይጀምራል። የተጣመመ ቱቦ ማቃናት፣ የተበላ የሚሳብ ጥርስ መተካት፣ አዲስ ሹካ መበየድ ቶርኖና ሚዛን መለኪያ ማሽን ይፈልጋሉ። በዓይን የተስተካከለ ዘንግ በሰከንድ 38 ጊዜ ሲዞር ዓይን ያላየውን ስሕተት ይገልጣል። የላላ ክዳንን ከሹካው ጋር በብየዳ ነጥብ መያዝ ደግሞ ከቶ ሊደረግ አይገባም፤ ሙቀቱ የሮለሮቹን ጥንካሬ ያጠፋል፤ ቀጣዩንም ጥገና ይዘጋል።

የፊት ጎማ መጋጠሚያም ለየብቻ መታየት አለበት። መሪ ሲጠመዘዝ ማዕዘኑ ስለሚሰፋ፣ የተራ ክሮቼራ መዋዠቅ በዚያ አይቻልም። ስለዚህ አልፍሬድ ርዜፓ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባወጣው መርሕ መሠረት፣ ስድስት የብረት ኳሶች ፍጥነትን እኩል አድርገው ያስተላልፋሉ። በላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ሞዴሎች ይህ መጋጠሚያ በአክስሉ ጫፍ፣ በብረት ሉል ውስጥ ተሸፍኖ ይገኛል። መሪው እስከ ዳር ተጠምዝዞ ሲነዳ የሚሰማ ተደጋጋሚ የመቀጭቀጭ ድምፅ የመበላቱ ምልክት ነው፤ ከሉሉ ሥር የሚንጠባጠብ የቀጠነ ግራሶ ደግሞ የዲፈረንሻሉ ዘይት ማገጃውን አልፎ መቀላቀሉን ያመለክታል። ይህን ማጽዳትና እንደገና በግራሶ መሙላት ትዕግሥት ላለው ሰው የሚቻል ነው። ሆኖም ጎማው ለመሪ የሚታጠፍባቸው ኩሽኔታዎች ሲመለሱ ጥብቀታቸው በመጎተቻ ሚዛን መለካት አለበት። ሚዛኑ ከሌለ ሥራው በግቢ መጀመር የለበትም።

አንድ የአነዳድ ጉዳይም መነሣት ይገባዋል። መሐሉ ላይ ማካካሻ ዲፈረንሻል በሌለው መኪና፣ በደረቅ አስፋልት ላይ አራቱንም ጎማ አስይዞ መንዳት የፊቱና የኋላው ዘንግ እርስ በርሳቸው እንዲጠማዘዙ ያደርጋል። በመታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚጓዙት ርቀት እኩል አይደለም፤ በኮረት ላይ ጎማው ተንሸራትቶ ልዩነቱን ያካክሳል፤ አስፋልት ግን አይለቅም፤ ጭንቀቱ ሁሉ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ያርፋል። ከኮረት ወጥቶ ጥምዝ የበዛበት አስፋልት ላይ ሲደርስ የፊቱን ጎማ ያላላቀቀ ሹፌር፣ የማንም መካኒክ እጅ የማያድነውን ጉዳት በገዛ እጁ እያደረሰ ነው።

ክልከላና ሙገሳ

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ተቃራኒ አቋሞች ይደመጣሉ። የመጀመሪያው ፈቃድ ካለው ጋራዥ ውጭ የሚደረግ የዘንግ ጥገና ሁሉ ይከልከል ይላል። መነሻው የሰው ሕይወት ስለሆነ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን ፈቃድ ልኬትን አያረጋግጥም፤ ምልክት ሳያደርግ የሚፈታ ሰው ፈቃድ ባለው ጋራዥም ሆነ በግቢ ያው ስሕተት ይሠራል። ከሁሉ በላይ፣ ክልከላ ጥገናውን አያስቀረውም፤ ወደ ጨለማ ይገፋዋል እንጂ። በግልጽ የሚሠራ ሰው ጠይቆ ይማራል፤ ተደብቆ የሚሠራ ግን ስሕተቱን አብሮ ይደብቃል።

ሁለተኛው አቋም የአገር ልጅን ብልሃት በማሞገስ ያበቃል። የዚህ አቋም መሠረትም እውነት አለው። በሸዋ በር አጠገብ አሮጌ ብረት ቀጥቅጠው አዲስ ዕቃ የሚያወጡ እጆች አሉ፤ በጀጎል ውስጥም ከፈረስ መጋላ የሚነሣው ጠባብ መንገድ ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የተነሣ መኪና ግርግር ተብሎ ይጠራል። ሙያ ለሰፈር ስም በሚሆንበት ከተማ የእጅ ሥራን ማክበር ተገቢ ነው። ሆኖም ልብስ በልክ እንደሚሰፋ ሁሉ ክሮቼራም በልክ ይገጠማል፤ የሚፈቀድለት የጎን መላላት በሚሊሜትር መቶኛ ክፍሎች የሚቆጠር ነው። ሙገሳ ይህን ልክ ካልጨመረ ባለሙያውን አይጠቅመውም፤ ነገ አደጋ ሲደርስም ተጠያቂ የሚሆነው እርሱ ብቻ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ምን ይጠበቃል?

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሐረር በቅርብ ርቀት ይገኛል፤ የቴክኖሎጂ ተቋምም አለው። በዚህ ቅርበት ሊሠሩ የሚችሉ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛው ጥናት ነው። ከየግቢው የሚጣሉ የተበሉ ክሮቼራዎች ተሰብስበው የብልሽታቸው ዓይነት ቢለይ፣ በግራሶ እጦት፣ በአቧራና በውኃ መግባት፣ በተሳሳተ አገጣጠም ወይም በማዕዘን ብዛት የተበላው ተለይቶ ይታወቃል። ይህ ለአንድ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርዕስ ነው፤ ውጤቱም በማግስቱ ሥራ ላይ ይውላል። እስከዚያ ድረስ የምንከራከረው በግምት ነው።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ተማሪው ትምህርቱን የሚከታተለው በእንግሊዝኛ ነው፤ ባለሙያው ግን ክሮቼራ፣ ኩሽኔታ፣ ባልስትራ፣ ካምቢዮ፣ ዳዶ እያለ ከጣሊያንኛ በወረሰው ቃል ይሠራል። ሁለቱ አንድን ዕቃ እያዩ አይግባቡም። የጋራዥ ቃላት ከትርጉማቸው ጋር ቢሰበሰቡና በአማርኛ፣ በሐረሪና በአፋን ኦሮሞ አንድ ገጽ የሥዕል መመሪያ ቢዘጋጅ ርቀቱ ይጠባል። መመሪያው አምስት ነገር ቢይዝ ይበቃዋል፤ ታኮ፣ የቀለም ምልክት፣ የሞርሳ ግፊት፣ የቀለበት መቀመጥ፣ የእጅ ፍተሻ።

ሦስተኛው ዕውቅና ነው። በአገራችን የሙያ ብቃት ምዘና ሥርዓት አለ፤ በሥራ ላይ የተማረ ሰውም ተመዝኖ የምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል። በግቢ የሚሠሩ መካኒኮች ወደዚህ ምዘና እንዲመጡ ዩኒቨርሲቲውና የቴክኒክና ሙያ ተቋማት በጋራ ማዘጋጀት ይችላሉ። ዝግጅቱ ግን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስብከት መሆን የለበትም። እኛ ማዕዘኑን እናሰላለን፤ እነርሱ ድምፁን ይሰማሉ፤ ሁለቱም ዕውቀት ነው።

ማጠቃለያ

የክሮቼራ ጥገና ትንሽ ርዕስ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአንድ ጎን የመለዋወጫ ዋጋ፣ በሌላ ጎን የዳገቱ መንገድ የሚገናኙት በዚህ ትንሽ ብረት ላይ ነው። ባለቤቱ በአቅሙ መጠገን አለበት፤ ተሳፋሪውም በሰላም መድረስ አለበት። እነዚህን ሁለቱን የሚያስታርቀው ልኬት ነው፤ ልኬትን ማስተማር ደግሞ የእኛ ሥራ ነው። በግቢ ሊሠራ የሚገባው በግቢ ይሠራ፤ ቶርኖና ሚዛን የሚፈልገው ወደ ቶርኖ ይሂድ፤ በብየዳ የሚደበቀው ይቅር። ይህን ወሰን በጥናት አስምሮ፣ በሚገባ ቋንቋ ጽፎ ለሠሪው ማድረስ በዚህ የምርምር መድረክ ለምንሳተፍ ሁሉ የቀረበ ሥራ ነው።